የወንድሜ «አስመጣ»

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ይህ ደብተር ለፊዚክስ የተገዛ ነው። የተጻፈበትን ሦስት ገጽ ቀድጄ ጣልኩና እዚህ ጀመርኩ። ለማንም አላሳየውም።

ወንድሜ ከሞተ ዛሬ ሃያ ስድስተኛ ቀኑ። ከመሥሪያ ቤቱ ሎጋው መጣ። ሎጋው ስሙ አይደለም፤ በራችንን ጎንበስ ብሎ ስለሚገባ ወንድሜ ያወጣለት ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ውኃ ብቻ ጠጣ። የመጣበትን ነገር እስኪናገር ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው። እስከ ሰኔ 13 ይታገሱናል። ከዚያ በኋላ ውስጡ ያለው ሁሉ ተጠርጎ ለሌላ ሠራተኛ ይሰጣል።

እማዬ ይውሰዱት፣ ለእኛ ምን ያደርግልናል አለች። አባዬ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

«ቋንቋውስ?» አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

ቋንቋው ማለት ወንድሜ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ ሲመለስ የሠራው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ትእዛዞቹ በገዛ ቃላችን የተጻፉ ናቸው፤ «አሳይ»፣ «ድገም»፣ «ከሆነ»። ለእኔ ማስተማሪያ ብሎ ነው የጀመረው። የመጀመሪያው ተጠቃሚ እኔ ነኝ። የመጨረሻውም እንዳልሆን ፈራሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

የቋንቋውን ኮድ ሁሉ በፍላሽ ገልብጬ የአባዬ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት። ከፈትኩት። ምንም የለም። ተሳስተሃል እንኳ አይልም። ባዶ ስክሪን።

ላፕቶፑ ላይ ያው ፋይል ይሠራል።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ገባኝ። የ«አስመጣ» ጉዳይ ነው።

አንድ ፕሮግራም ሁሉንም ነገር ብቻውን አይሠራም። ሰዓት የሚቆጥረው ክፍል ለብቻው ይጻፋል፣ ሥዕል የሚሥለው ለብቻው። እያንዳንዱ ሞጁል ይባላል። «አስመጣ ሰዓት» ብለህ ስትጽፍ ሄዶ የሰዓቱን ሞጁል ያመጣልሃል። ጥያቄው ከየት ነው የሚያመጣው የሚለው ነው። ኮዱ ውስጥ ገብቼ ሳየው የተጻፈው አንድ አድራሻ ብቻ ነው፤ የወንድሜ ላፕቶፕ፣ የወንድሜ ስም፣ የወንድሜ ፎልደር። ከዚያ ሌላ የትም አይሄድም። እዚያ ካጣ ደግሞ እንዳላየ ያልፋል። ዝም እንዲል ያደረገው አስቦበት ነው። ጀማሪ ሰው ቀይ ጽሑፍ ሲያይ ይደነግጣል ይል ነበር። ጀማሪው እኔ ነበርኩ።

ለሎጋው ደወልኩለት። አድራሻውን ቀይረዋ፣ የአንድ መስመር ሥራ ነው አለኝ። ከዚያስ? የአባዬ ኮምፒውተር ላይ ይታሰራል። የአባዬ ኮምፒውተር ደግሞ ሲነሳ ራሱ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ ዕድሜው ስንት ቀረው። የትም ቢወሰድ ሞጁሎቹን ፈልጎ የሚያገኝ «አስመጣ» ነው የሚያስፈልገው። ወንድሜ ሊሠራው የነበረውም እሱን ነው። መጨረሻ ላይ ሲታገል የነበረው ከእሱ ጋር ነው።

ስለዚህ እኔ እሠራዋለሁ። አምስት ሳምንት አለኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

አክስቴ እያነከሰች መጣች። ጉልበቷ በቀዶ ሕክምና ከተቀደደ ወዲህ ደረጃችንን ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ምን ላይ እንዳፈጠጥኩ ጠየቀችኝ። የወንድሜ ቋንቋ ነው አልኳት።

«ስንት ሰው ይናገረዋል?»

«ሁለት ነበርን።»

ልትስቅ አፏን ከፈተችና ሳትስቅ ዘጋችው። ከዚያ እኔን ትታ ወደ እማዬ ዞረች። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተደፋሁ ሰማሁ። እማዬ የዘወትሩን ትላለች። አንቺን ላስታምም ሦስት ቀን አንቺ ጋ ሳድር ለልጄ በየቀኑ ደውዬለታለሁ፣ በልተሃል ወይ አልኩት፣ በሩን ቆልፈሃል ወይ አልኩት፣ ክኒንህን ዋጥክ ወይ ማለት ግን ረሳሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ረስቼ አላውቅም፣ ያን ሦስት ቀን ረሳሁ። አክስቴ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ጉልበት ነው፣ ይቆረጥ ነበር ትላለች።

ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰካሁ። ምንም አልከፈትኩበትም።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

የሒሳብ ፈተና። አልሆነም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ሞጁሎቹን ቆጠርኳቸው፤ አርባ ሦስት። እዚያው ፎልደር ውስጥ ሰባት ቦታ ተበታትነዋል። ወንድሜ ዕቃ አያያዝ አያውቅም ነበር፤ ካልሲው ከመጽሐፍ መካከል ይገኝ ነበር። «ሰዓት» የሚባል ሁለት አለ። «ጽሑፍ» የሚባል ሦስት። የትኛውን ነው የማመጣው?

ወረቀት ላይ እንዲህ ጻፍኩ። መጀመሪያ እዚያው ጎንህ ፈልግ። ካጣህ ፕሮግራሙ የራሱ ዝርዝር ካለው ዝርዝሩ የሚልህ ቦታ ሂድ። ካጣህ የጋራ መደርደሪያው ላይ እይ፤ ሁሉም ፕሮግራም የሚጋራው ፎልደር እሱ ነው። ቅርብ ያለው ሩቅ ያለውን ያሸንፋል።

ጥሩ መሰለኝ። ለኮምፒውተር መምህራችን አሳየኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡትና፣ ቅርብ ያለው የተበላሸው ቢሆንስ አሉኝ። ትከሻዬን መታ አድርገው ሄዱ። ከሞተ ወዲህ መምህራን ሁሉ ትከሻዬን ይመታሉ።

እሑድ፣ ግንቦት 17

መምህሩ እንዳሉት ሆነ። ቅርብ የተገኘው «ሰዓት» ያረጀው ነው። ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል።

ሙሉ ቀን ፈጀብኝ፤ አሁን ግን ሰው ከፈለገ «አስመጣ ሰዓት ከመደርደሪያ» ብሎ ቦታውን መጥራት ይችላል። ሁለቱንም ካስፈለገው «አስመጣ ሰዓት እንደ አሮጌው» ብሎ ሌላ ስም አውጥቶለት ጎን ለጎን ይጠቀምባቸዋል። ወንድሜ ይህን አላሰበውም። አንድ ቀን እንኳ «እንዴት አሰብከው» ቢለኝ ብዬ ተመኘሁ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ስለ ቤታችን ካልጻፍኩ ማን ይጽፋል።

እማዬና አባዬ አይነጋገሩም። ከቀብር ማግስት አባዬ ኮሪደሩ ላይ «ቤትሽ ብትሆኚ ኖሮ» ሲል ሰምቻለሁ። አረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መልእክተኛው እኔ ነኝ። «ለአባትህ ምግብ ቀርቧል በለው።» አባዬ እዚያው ጠረጴዛ ላይ እጁን ታጥቦ ተቀምጧል። «ቀርቧል» እለዋለሁ። «እጇን ይባርክ በላት» ይለኛል። ትናንት ወንድሜ ቢኖር ኖሮ ሁለታችሁም ለዚህ ጎረምሳ ደመወዝ ክፈሉት ይል ነበር ብዬ አሰብኩና ሳቄ መጣ። እማዬ አየችኝ። ውኃ ትን ያለኝ አስመሰልኩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ፕሮግራሙ ደርቆ ቀረ። ያለ ምንም ምክንያት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

ምክንያት አለው። የ«ሥዕል» ሞጁል ሲነሳ መጀመሪያ «ቀለም»ን አስመጡልኝ ይላል። «ቀለም» ደግሞ ሲነሳ መጀመሪያ «ሥዕል»ን አስመጡልኝ ይላል። አንዱ ሌላው እስኪያልቅ ይጠብቃል። ሁለቱም ተቀምጠዋል።

ሎጋው ምሳ ሰዓት ላይ መጥቶ አብረን አየነው። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ልብ ብቻ ይጠይቃል አለኝ። ያላለቀውን እንዳለ ስጠው። «ሥዕል» ገና በጅምር ላይ እያለ፣ እስካሁን የሠራሁት ይኸው ብሎ ለ«ቀለም» ይስጠው፤ የቀረውን በኋላ ይሞላል። አንዱ ሳይጨርስ ካልሰጠ ግን እስከ ዕለተ ምጽአት ይጠባበቃሉ።

ሠራ። ሎጋው ሊሄድ ሲል ወንድሜ የተወውን የለውጥ ማስታወሻ አንብቤው እንደሆነ ጠየቀኝ። ወንድሜ ኮዱን ባሻሻለ ቁጥር አንድ ሁለት መስመር ይጽፍ ነበር፤ ምን እንደቀየረ፣ ለምን እንደቀየረ። ቁጥር አላቸው፤ ከ1 እስከ 240።

«እስከ 212 አንብቤዋለሁ» አልኩት።

«ቀሪውንስ?»

«ለሥራው አያስፈልግም።»

አላመነኝም መሰል ቆሞ አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወጣ።

ሰኞ፣ ግንቦት 25

የሒሳብ ውጤት። ከሃምሳ አሥራ ዘጠኝ። አባዬ ፈረመበት፤ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

እማዬ የሐኪም ቤቱን ካርድ ስታገላብጥ ደረስኩባት። በስልክ ሐኪሙን ጠይቃዋለች። የሚጥል በሽታ ክኒን ሦስት ቀን ብቻ ቢዘለል ሰው ይገድላል ወይ ብላ። ሐኪሙ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል አላት። «ላይሆንም ይችላል» የሚለውን አልሰማችውም። አክስቴን፣ ጎረቤቷን፣ ባንኮኒ ላይ የቆመውን ባለሱቅ ሳይቀር ሊሆን ይችላል አለኝ ትላቸዋለች።

ሦስት ቀን አይደለም። ማለቴ፣ እኔ ምን አውቃለሁ። ሐኪም አይደለሁም።

እሑድ፣ ሰኔ 1

ዝናቡ ጀመረ። የሳሎኑ ጥግ ያፈሳል፤ ባልዲ አስቀምጠናል።

ዛሬ የመጨረሻውን ነገር ነካሁት፤ ዝምታውን። ሞጁል ሲያጣ እንዳላየ ማለፉን አጠፋሁ። አሁን ካላገኘ ምን እንደፈለገ፣ የት የት እንደፈለገ በተራ ይናገራል። ወንድሜ ያቋቋመውን ስቀይር የመጀመሪያዬ ነው። እስካሁን የጨመርኩ እንጂ የሻርኩ አልነበርኩም። እጄ ቁልፎቹ ላይ ቆሞ ቀረ። ይቅርታ ጠየቅኩትና ሻርኩት።

ይቅርታ የጠየቅኩት ስለዚህ ብቻ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

የአባዬ ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ይሠራል። አርባ ሦስቱም። ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ ለአክስቴ ደወልኩ። «ታዲያ አሁን ስንት ሰው ይናገረዋል?» አለችኝ። ገና አንድ አልኳት። «ና አስተምረኝ፣ ሁለት እንሁን» አለች። ልቧ ጥሩ ነው። ኮምፒውተር ላይ የምታውቀው ካርታ መጫወት ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ወደ ትምህርት ቤት በፍላሽ ይዤው ሄድኩ። መምህሩ ቆመው እያዩ ከፈትኩት። ቀይ ጽሑፍ መጣ። «መለኪያ» የሚባለውን ሞጁል ፈልጌ አላገኘሁም ይላል፤ የፈለገባቸውን ሦስት ቦታዎች ይዘረዝራል።

ፊቴ ነደደ። የተያዘ ሌባ መሰልኩ። መምህሩ ግን ዝርዝሩን በእርሳስ እየነኩ፣ ይህ ጥሩ ስህተት ነው አሉ፤ የት እንዳጣው ይነግርሃል።

ቤት ስገባ ገባኝ። «መለኪያ»ን አልገለበጥኩትም። የአባዬ ኮምፒውተር ላይ የሠራው በመጀመሪያው ሳምንት የጫንኩት አሮጌው ግልባጭ እዚያ ስለቀረ ነው። ድሮ ባለው ዝምታ ቢሆን ኖሮ ባዶ ስክሪን አይቼ ወር እደክም ነበር።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ትምህርት ቤት ሠራ። አንድም ቀይ የለም። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ዕንባዬ መጣና መታጠቢያ ቤት ሮጥኩ። ክፍሉ ውስጥ አንዱ ልጅ ኮምፒውተር ያስለቀሰው የመጀመሪያው ሰው ብሎኛል አሉ። መምህሩ አባረሩት። እኔ አልተቀየምኩትም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ሎጋው ደወለ። ዓርብ ከሥራ ሲወጣ ላፕቶፑን ይወስዳል። አንድ ጥያቄ አለኝ አለ። ኮዱን ብቻ ነው የምታስቀረው ወይስ የለውጥ ማስታወሻውንም? ኮዱ ያለ ማስታወሻውም ይሠራል፤ እዚያው ከተውከው ግን ዓርብ አብሮ ይጠረጋል፣ ማንም ዳግመኛ አያነበውም።

«አንተ አንብበኸዋል?» አልኩት።

«አዎ» አለ። «ለመናገር ግን የእኔ ቦታ አይደለም።»

ስለዚህ ሁለት ነን የምናውቀው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ጠዋት ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ሆዴን አመመኝ ብያለሁ።

እንዲህ ነው። 213 ላይ የተጻፈውን ላነበው ያልፈለግሁት ስለማላውቀው አይደለም። ስለማውቀው ነው። ክኒኑ ያደክመው ነበር። ቃል ይጠፋበታል፣ የጀመረውን መስመር ይረሳል። መጋቢት መጨረሻ ላይ የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክበባችን ፕሮግራም «አስመጣ»ን ይጠብቅ ነበር። ለጓደኞቼ በዚህ ሳምንት ይደርሳል ብዬ ደረቴን ነፍቼባቸው ነበር። በየቀኑ አለቀ ወይ እለዋለሁ። አንድ ማታ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ሲያስረዳኝና ሦስት ጊዜ ሲሳሳት፣ «ደንዝዘሃል እኮ» አልኩት። ሳቀ። በነጋታው ክኒኑን በሶፍት ጠቅልሎ ሲጥል አየሁት። ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። ሥራው እስኪያልቅ ብቻ ነው አለኝ። እማዬ ከኩሽና «ዋጥክ?» አለችው። «ዋጥኩ» አላት፣ እኔን እያየ። እኔም ሳቅሁ።

አሥራ አንድ ቀን ነው። እማዬ አክስቴ ጋ ከመሄዷ በፊት ስምንት ቀን ጠይቃው ስምንት ጊዜ ዋጥኩ ብሏታል። ብትደውልም ባትደውልም ያው ነበር። እሷ ግን ስልሳ ቀን ሙሉ ራሷን ስትበላ ቁጭ ብዬ አየሁ። ነገ ማስታወሻውን ሳልገለብጥ ላፕቶፑን ከሰጠኋቸው እዚህ ቤት ማንም አያውቅም።

ቀን ስምንት ሰዓት ላይ አባዬ ሥራ ላይ እያለ እማዬን ጠራኋት። ወንድሜ የጻፈው ነገር አለ አልኳት። እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ጎኔ ተቀመጠች።

213ን አነበብኩ። «ክኒኑን ካቆምኩ ሁለተኛ ቀኔ። ጭንቅላቴ መስኮቱ እንደተወለወለ ቤት ሆነ። አስመጣን ከባዶ እንደገና ጀመርኩ።» 214። 215። 219 ላይ እጄን ያዘችው።

«አንተ መቼ አወቅህ?»

«የመጀመሪያው ቀን።»

«እያየኸው።»

«እያየሁት። ደንዝዘሃል ያልኩትም እኔ ነኝ።»

እጄን ለቀቀችው። ተነስታ ኩሽና ገባች። ውኃው ሲፈስ፣ ሲፈስ፣ ሲፈስ ሰማሁ። ስገባ አንዲት ብርጭቆ ይዛ ታጥባለች። ብርጭቆዋ ንጹሕ ነበረች። «እማዬ» ብላት አልዞረችም።

አባዬ ሲመጣ በእኔ በኩል እንኳ መልእክት አልላከችም። ሦስታችንም ዝም ብለን በላን። አሁን ቤቱ ውስጥ የሚናገር የለም። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ማስታወሻውን ግን ገልብጬዋለሁ። ሁሉንም።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ሎጋው በአሥራ አንድ ሰዓት መጣ። ላፕቶፑን ከነገመዱ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ክዳኑ ላይ ወንድሜ የለጠፋት የወረቀት ኮከብ ነበረች፤ በጥፍሩ ልጦ ሰጠኝ። እማዬ ከመኝታ ቤት አልወጣችም። አባዬ በረንዳ ላይ ጋዜጣ ዘርግቷል፤ ገጹን ሲገልጥ አላየሁም።

ሎጋው ከሄደ በኋላ የአባዬ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። የበር ድምፅ ሰማሁ። እማዬ ወንበር ጎትታ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል።

«የቀረውን አንብብልኝ» አለች።

ከ220 ጀመርኩ። የማይገባት ብዙ ነበር፤ ፎልደር፣ ዝርዝር፣ መደርደሪያ። አላቋረጠችኝም። 226 ላይ ጎረቤታችን ለሦስተኛ ጊዜ ስኳር ልትበደር እንደመጣች ጽፏል። እማዬ በአፍንጫዋ ሳቀች። 231 ላይ እጁ መንቀጥቀጡን ጽፏል። ቆምኩ። ቀጥል አለችኝ። 240 የተጻፈው ከመሞቱ በፊት ባለው ማታ ነው።

«አስመጣ ገና ነው። ታናሼ ይጮኽብኛል፣ ይጩኽ። ነገ እማዬ ትመጣለች። ክኒኑን ነገ እጀምራለሁ፤ ፊቴን አይታ ታውቅብኛለች።»

ከዚያ በኋላ የለም።

እማዬ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። «እንደገና» አለች። አነበብኩላት። «እንደገና» አለች። ሦስተኛው ላይ «ፊቴን አይታ ታውቅብኛለች» የሚለውን አብራኝ አለችው፣ ቀስ ብላ። እጇን አንስታ ማጅራቴ ላይ አሳረፈችው። ከበደኝ። እንዲነሳ አልፈለግሁም።

«ሌላ ቀን ሁሉንም እንነጋገራለን» አለችኝ። «ገና አልለቀቅኩህም።»

«እሺ» አልኩ።

ከዚያ አንገቷን ወደ በረንዳው አዞረች። ስልሳ ቀን ሙሉ ያልሰማሁትን ሰማሁ፤ አባዬን በስሙ ጠራችው። ጋዜጣው ተንኮሻኮሸ።

«ና እስቲ፣ ልጅህ የጻፈው አለ» አለችው። «ይኼኛው ያነብልሃል።»

አባዬ በሩ ላይ ቆሞ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ። እማዬ ወንበሯን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችለት። ከ213 ልጀምርለት ወደ ታች ሳወርድ እጄን ያዘችው።

«አይደለም» አለች። «ከአንድ ጀምርለት።»